ከሞራ እስከ ሰፈፍ፦ ሳሙና፣ የልብስ ማጠቢያና የቆዳ ቅባት በቤት ውስጥ አሠራር

ከምንም በፊት ሚዛን ግዙ። ወጥ በእጅ ልክ ይጥማል፤ ሳሙና ግን በእጅ ልክ አይሆንም። «አንድ ኩባያ ዘይት በሩብ ኩባያ ኮስቲክ ሶዳ» እየተባለ የሚሠራ ሳሙና አንድ ጊዜ አምሮ ይወጣና በሚቀጥለው እጅ የሚልጥ ይሆናል። ኮስቲክ ሶዳው (ስብን ሳሙና የሚያደርገው የሚያቃጥል ኬሚካል) ደቃቅ ፍሬ ከሆነ ኩባያው ብዙ ይይዛል፣ ቅርፊት ቅርፊት ከሆነ ደግሞ ጥቂት። አንድ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ዘይቱንም ውኃውንም መዝኑ እንጂ በሊትር አትስፈሩ፤ አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይመዝንም፣ 920 ግራም ገደማ ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የትኛው ነገር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ነው። ሎሚ፣ አቼቶና ሲትሪክ አሲድ አሲድ ናቸው፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የጋገረ የውኃ ኖራ ያሟሟሉ፣ ዝገት ያለቅቃሉ። ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ዋሺንግ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት የሚባለው የልብስ ማጠቢያ ዱቄት) እና የአመድ ውኃ በተቃራኒው ወገን ያሉ አልካሊዎች ናቸው፤ የእነሱ ሥራ ቅባት ማስለቀቅ ነው። ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይሽረዋል። ቤኪንግ ሶዳ ላይ አቼቶ ሲፈስ የሚነሣው አረፋ ብዙ ሰው ያሳምናል፤ አረፋው ሲበርድ ሳህኑ ውስጥ የሚቀረው ግን ጨው ያለበት ውኃ ነው፣ ቅባትም ኖራም አያነሣም። ስለዚህ ወይ አንዱን ወይ ሌላውን ተጠቀሙ፤ ሁለቱም ካስፈለጉ በመካከል በውኃ አለቅልቁ።

ሳሙና

አሥራ ሁለት ያህል ባለ 100 ግራም የገላ ሳሙና የሚወጣው መነሻ ልክ ይህ ነው፦

የቀለጠና የተጣራ የበሬ ሞራ 500 ግራም
የኮኮናት ዘይት 250 ግራም
የሱፍ ዘይት 250 ግራም
ኮስቲክ ሶዳ 142 ግራም
ውኃ 290 ግራም

ሞራው ሳሙናውን ጠንካራ ያደርገዋል፣ ውኃ ውስጥ ቶሎ እንዳያልቅም ይይዘዋል። አረፋው የሚመጣው ከኮኮናቱ ነው፤ ነገር ግን ከጠቅላላው ዘይት ከ30 በመቶ ሲያልፍ ቆዳ ያደርቃል። የሱፍ ዘይቱ ያለሰልሳል። የኑግ ዘይት ርካሽ በሆነበት አካባቢ ሁሉንም በኑግ ልሥራ የሚል አይጠፋም፤ ኑግ ብቻውን ለስላሳ፣ እጅ ላይ የሚዝለገለግ ሳሙና ይሰጣል፣ ቶሎም ይበላሻል። ከመቶ 15 እጅ ያህል ከሱፉ ድርሻ ላይ ተቀንሶ ቢገባ ግን ጉዳት የለውም።

142 ግራም ከየት መጣ? እያንዳንዱ የስብ ዓይነት ሳሙና ለመሆን የራሱን ልክ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። ለአንድ ግራም ሞራ 0.140 ግራም፣ ለፓልም (የሚረጋው ዘይት) 0.141፣ ለኮኮናት 0.183፣ ለሱፍና ለወይራ 0.134፣ ለጉሎ ዘይት 0.128 ነው። የየዘይቱን ክብደት በየቁጥሩ አባዙና ደምሩ፦ 70፣ 45.75 እና 33.5፣ ድምሩ 149.25። ከዚህ ላይ 5 በመቶ ቀንሱ፤ 142 ይቀራል። የተቀነሰው ማለት ሳሙና ሳይሆን የሚቀር ጥቂት ዘይት አለ ማለት ነው፤ ቆዳውን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ሚዛኑ በአንድ ሁለት ግራም ቢሳሳትም መድኅናችሁ ይሆናል።

ይህን ስሌት ሳትሠሩ ዘይት አትለውጡ። ሞራው በሚረጋ ዘይት ቢተካ የሶዳው ልክ አይነቃነቅም፤ በጾም ወራት የእንስሳ ስብ ያለበት ሳሙና ወደ ዕቃ ማጠቢያው እንዲገባ የማይፈልግ ቤተሰብ ይህን ማድረግ ይችላል። የኮኮናት ዘይት ስላጣችሁ በምትኩ ሱፍ ብትጨምሩ ግን ዘይቱ በሙሉ የሚፈልገው 137 ግራም ብቻ ሆኖ ሳለ 142 ግራም ታስገባላችሁ፤ ትርፉ 5 ግራም ሳሙናው ውስጥ ይቀርና ቆዳ ያቃጥላል። በቤት የተሠራ ሳሙና ስሙ ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የኮስቲክ ሶዳው ጥራትም ከሚዛኑ እኩል ነው። በኪሎ የሚሸጠውን ስትገዙ ደረቅና የሚበተን መሆኑን እዩ፤ ተጓጉሎ የረጠበ ከሆነ ከአየር ውኃ ስቧል፣ በሚዛን 142 ግራም ቢሆንም ጉልበቱ ከዚያ ያነሰ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ፣ የቧንቧ መክፈቻ ተብሎ ከሚሸጠው የምትገዙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 100% የሚል መኖሩን አረጋግጡ፤ አንዳንዱ የአሉሚኒየም ፍንጣሪና ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ነው፣ ለሳሙና አይሆንም።

ሞራ ማቅለጥ። ከሥጋ ቤት የመጣውን ሞራ ደም ካለበት እጠቡና በተቻለ መጠን ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ። ለአንድ ኪሎ ጥሬ ሞራ ግማሽ ሊትር ውኃና አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ በዝግታ እሳት አቅልጡ። ጨውና ውኃው ደሙንና ሽታውን ይዘው ከታች ይቀራሉ። ትኩሱን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉና እንዲረጋ አሳድሩት፤ ጠዋት ከላይ ነጭ ክብ ሞራ፣ ከታች ቡናማ ውኃ ታገኛላችሁ። የሞራውን ሥር በቢላ ፋቁ። ሽታው ካልለቀቀ በአዲስ ውኃና ጨው ድገሙት፤ ሁለት ጊዜ የተጠለለ ሞራ ሳሙና ውስጥ አይሸትም። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ሞራ 700 ግራም ገደማ ይወጣል።

ዕቃ። የማይዝግ ብረት ድስት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ባልዲ፣ የእንጨት ወይም የሲሊኮን ማማሰያ፣ ቢገኝ የእጅ ብሌንደር፣ የላስቲክ ጓንት፣ ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር፣ እጅጌው ረዥም ልብስ። አሉሚኒየም አይሆንም፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላዋል፣ እሳት የሚይዝ ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል። በየቤቱ ያለው ቀላሉ ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። መለያው ይህ ነው፦ ድስቱ ለመጠኑ ከቀለለና ቢላ በቀላሉ ከጫረው አሉሚኒየም ነው ብላችሁ ተዉት። ለሳሙና የዋለ ዕቃም ወደ ምግብ አይመለስ።

አሁን ሥራው። ልጆች ከቤት ይውጡ፣ መስኮት ይከፈት፣ ጓንትና መነጽሩ ሳሙናው ቅርጽ ማውጫው ውስጥ እስኪገባ ድረስ አይውለቅ።

1. ውኃውን መዝኑና ኮስቲክ ሶዳውን ወደ ውኃው በጥቂት በጥቂቱ እየበተናችሁ አማስሉ። በተገላቢጦሽ ውኃ በሶዳው ላይ አታፍስሱ፤ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይፈናጠራል። ውኃው ያለ እሳት በደቂቃ ውስጥ ወደ 80 እና 90 ዲግሪ ይደርሳል፣ የሚያንቅ እንፋሎትም ያወጣል፤ ፊታችሁን ዞር አድርጉ። መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ከዚያ ጥርት ይላል። ሳይነካ እንዲቀመጥ አድርጉ።

2. ሞራውንና ኮኮናቱን አቅልጡ፣ የሱፍ ዘይቱን ጨምሩበት።

3. ሁለቱም ወደ 40 ዲግሪ እስኪወርዱ ጠብቁ። ቴርሞሜትር ከሌለ የየዕቃውን ውጫዊ ጎን በጓንት ንኩ፤ ለሕፃን እንደተዘጋጀ የገላ ውኃ ለብ ያለ መሆን አለበት። ሞራው በጣም ከቀዘቀዘ መርጋት ይጀምርና ሳሙና የሆነ ያስመስላል፤ ሳይዋሐድ የረጋ ስለሆነ በኋላ ይለያያል።

4. የሶዳውን ውኃ በቀጭኑ ወደ ዘይቱ እያፈሰሳችሁ አማስሉ። በእጅ ብሌንደር ከሆነ ጥቂት ሴኮንድ እያስነሣችሁ፣ አጥፍታችሁ በብሌንደሩ እያማሰላችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። በማማሰያ ብቻ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይፈጃል።

5. መድረሱን የምታውቁት እንዲህ ነው። ማማሰያውን አንሥታችሁ ጠብታውን ከላይ ስትለቁት ወዲያው ሰጥሞ ከጠፋ አልደረሰም። ቀጭን የአጃ አጥሚት መስሎ ጠብታው ፊቱ ላይ መስመር ጥሎ ለአፍታ ከቆየ ደርሷል። በዚህ ጊዜ ድስቱን ዘንበል አድርጋችሁ ዳርና ዳሩን እዩ፤ የዘይት ጭረት የሚያብረቀርቅ ከሆነ ገና ነው። ሽቶ የምትጨምሩ ከሆነ አሁን ነው፤ ከጠጅ ሳር ወይም ከባሕር ዛፍ የተጣራ የመዓዛ ዘይት ለዚህ ልክ ከ20 እስከ 25 ግራም ይበቃል። ለሕፃናት የሚሆነውን ግን ያለ ሽቶ ተዉት።

6. ቅባት የማያሳልፍ ወረቀት ወይም ላስቲክ የተነጠፈበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ወይም በታጠበ የወተት ካርቶን ውስጥ አፍስሱ። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስቴ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት፣ አየሩ ይወጣል። ክዳን አድርጉበትና በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት። እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት ይህ ካልተደረገ መሐሉ ሞቆ ዳሩ ሳይሞቅ ይቀርና ሳሙናው መካከል ላይ ጠቆር ያለ ክብ ይታያል። መልኩ እንጂ ጥራቱ አይጎዳም።

7. ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ፣ ሲጫኑት ጠንከር ያለ ግን ቢላ የሚቀበል ሲሆን፣ በጓንት አውጥታችሁ ቁረጡ። አየር በሚገባበት፣ ፀሐይ በማይነካው መደርደሪያ ላይ አራርቃችሁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አድርቁት፣ በየሳምንቱ አገላብጡት። በክረምት ወራት ስድስቱን ሳምንት ስጡት። የመጀመሪያው ቀን ክብደቱን ጻፉና በየሳምንቱ መዝኑት፤ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

የደረቀውን ሳሙና በረጠበ ጣት እሹና አረፋውን በፒኤች ወረቀት (አሲድ ወይም አልካሊ መሆኑን በቀለም በሚያሳየው) ለኩ። ከ8 እስከ 10 ካሳየ ጤናማ ነው። 11 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ገላ አይታጠቡበትም።

ከሚያጋጥሙ ጉድለቶች በጣም የተለመደው ከላይ የሚታየው አመድ የመሰለ ነጭ ዱቄት ነው፤ ሶዳው ከአየር ጋር ተገናኝቶ የተፈጠረ ነው፣ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል። ሳሙናው ስትቆርጡት የሚፈረፈርና ነጭ ጠጠር የሚታይበት ከሆነ ግን ሶዳው በዝቷል ወይም አልሟሟም፤ አትጠቀሙበት። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ዘይት ከላይ ከተንሳፈፈ አጥሚት ሳይሆን ነው የፈሰሰው፤ መልሳችሁ አሙቁና እንደገና አማስሉት፣ ይድናል። ከወራት በኋላ ብርቱካናማ ነጥብ አውጥቶ የቆየ ዘይት ከሸተተ ዘይቱ መጀመሪያውኑ ያረጀ ነበር ወይም ሳሙናው እርጥበት ባለበት ተቀምጧል። የተጠበሰበት ዘይት ለገላ ሳሙና የማይመከረው ለዚህ ነው።

ሎሚ ጨምቆ መጨመር ብዙ ቦታ ይነገራል። የሎሚው አሲድ ከሶዳው ላይ ድርሻውን ይወስዳል፤ ውጤቱ የላላና ዘይቱ የበዛ ሳሙና ነው። አሲድ የሚጠቅምበት አንድ ቦታ ግን አለ። እንደ ድሬዳዋና መቐለ የውኃው ኖራ በበዛበት ከተማ ሳሙና አረፋ በማውጣት ፈንታ ገንዳው ላይ ነጭ እድፍ ይጥላል። በዚህ ጊዜ 20 ግራም ሲትሪክ አሲድ በቅድሚያ በ290 ግራሙ ውኃ አሟሙታችሁ ኮስቲክ ሶዳውን ከ142 ወደ 154 ግራም አሳድጉ። 12 ግራሙ ለአሲዱ የሚሄድ ነው። ውኃው ከወትሮው የበለጠ ይግላል፣ ሶዳውን ይበልጥ በዝግታ ጨምሩ።

ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ከነካ ልብሱን አውልቃችሁ ወዲያው በሚፈስ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ። ቁስሉ ላይ አቼቶ ወይም ሎሚ አታፍስሱ፤ ሙቀት ይጨምርበታል። ዓይን ከገባ እየታጠበ ወደ ሕክምና ይሂድ። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲወርድ ያቃጠለውን ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል፣ በፍጥነት ሐኪም ቤት አድርሱት። የሶዳ ውኃ በምንም ምክንያት በሃይላንድ አይቀመጥ። ጥርት ብሎ ውኃ ይመስላል፣ የጠማው ልጅም አይለየውም። የተረፈ ካለ የዚያኑ ዕለት በብዙ ውኃ ቀጥኖ ይደፋ።

የልብስ ማጠቢያ

የልብስ ሳሙና የሚያለሰልስ ትርፍ ዘይት አያሻውም። ከላይ ያለውን ልክ ይዛችሁ ኮስቲክ ሶዳውን 146 ግራም አድርጉት፤ የሚቀረው ትርፍ ዘይት 2 በመቶ ብቻ ይሆናል። ሲደርቅ በደቃቁ ፈግፍጉት።

ለዱቄት ማጠቢያ ይህን ፍግፋግ ከእኩል ክብደት ዋሺንግ ሶዳ ጋር ቀላቅሉ። ዋሺንግ ሶዳ ገበያ ላይ ከጠፋ ከቤኪንግ ሶዳ ይሠራል። (ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ አሲድና ስታርች አለበት፣ አይሆንም።) ቤኪንግ ሶዳውን በማይዝግ ብረት ትሪ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ 200 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ መሐል ላይ አንድ ጊዜ አማስሉት። ማብቃቱን የምታውቁት አሁንም በሚዛን ነው፦ 100 ግራም ገብቶ 63 ግራም ገደማ ሲወጣ አልቋል፣ ከዚያ በላይ ከመዘነ መልሱት። መልኩም ይለወጣል፤ የሚያብለጨልጨው ዱቄት ፈዝዞ እንደ ኖራ ይሆናል። በጓንት ያዙት። ለአንድ ባልዲ 10 ሊትር ሙቅ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቀላቀለውን አሟሙታችሁ ልብሱን ዘፍዝፉ። ለሱፍ ልብስና ለሐር አይሆንም፣ ክሩን ይጎዳል። የአበሻ ቀሚስ ከሆነ መጀመሪያ የጥለቱን ጫፍ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ጥለቱ ሳይነከር ነጩ ብቻ ይታጠብ።

ለነጠላና ለጋቢ ግን ከእንዶድ የሚስተካከል የለም። ሳሙና ኖራ ባለበት ውኃ ሲደክም የእንዶድ አረፋ አይደክምም፤ የሚያረፋው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ከኖራው ጋር ነጭ ዝቃጭ አይፈጥርምና። ፍሬው ሙሉ መጠኑን ይዞ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፤ ቀልቶ ከበሰለ ኃይሉ ይቀንሳል። ጥላ ላይ አድርቃችሁ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡ። በምትወቅጡበት ጊዜ አፍንጫና አፋችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ሙቀጫው ለእንዶድ ብቻ ይሁን፤ እንዶድ ሲዋጥ መርዝ ነው፣ በርበሬ ወደሚወቀጥበት አይገባም።

ለ10 ሊትር ለብ ያለ ውኃ አንድ እፍኝ፣ 50 ግራም ገደማ የተወቀጠ እንዶድ መነሻ ይሁን። በጥቂት ውኃ ለውሳችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ በጨርቅ ጨምቃችሁ ወደ ባልዲው አጥልሉት። ሳይጠለል የገባ ከሆነ ፍርፋሪው በጋቢው ድር መካከል ገብቶ ቢጫ ነጥብ ይተዋል። በእጅ ሲመቱት አረፋው ካነሰ እፍኝ ጨምሩ። ውሎ ያደረ ዝፍዝፍ ይሸታል፣ የዕለቱን ለዕለቱ አድርጉ።

እጣቢውን ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አትድፉ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ነበር ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመቆጣጠር ምርምር የተጀመረው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። ያው ኃይሉ ዓሣም ይገድላል። ደረቅ መሬት ላይ ድፉት።

የቤት ማጽጃ

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። ለወለል፣ ለጠረጴዛና ለምድጃ 10 ግራም የተፈገፈገ ሳሙና በአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ ይበቃል። በማግስቱ ጄሊ ሆኖ ቢገኝ አትደነቁ፤ በኮስቲክ ሶዳ የተሠራ ሳሙና ጠባዩ ነው፣ ሙቅ ውኃ ጨምሩበትና ነቅንቁት።

ለመስታወትና ለመስኮት አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ውኃ። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የጋገረ ኖራ ካለ ይኸው ድብልቅ ገብቶ፣ ሞቆ ሳይፈላ ጠፍቶ፣ አንድ ሰዓት ይቆይና ይታጠባል። እምነ በረድና ቴራዞ ወለል ላይ ግን አቼቶም ሎሚም አታድርጉ፤ አሲዱ ድንጋዩን ራሱን ይበላና የማይመለስ ድብዝዝ ያለ እድፍ ይተዋል። ጀበናና የሸክላ ምጣድ በሳሙናም በአቼቶም አይታጠቡም፣ ሸክላው መጥጦ በሚቀጥለው ቡና ይመልሰዋል።

የቀዘቀዘ ቅባት የዘጋው የዕቃ ማጠቢያ ቱቦ በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ አረፋ አይከፈትም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዋሺንግ ሶዳ ቱቦው ላይ አድርጉና አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ በዝግታ አፍስሱበት።

አቼቶ፣ ሎሚ ወይም ሲትሪክ አሲድ ከበረኪና ጋር በጭራሽ አይቀላቀሉ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። በረኪና ባለበት ባልዲ አቼቶ አታድርጉ፣ ባልዲው ባዶ ቢመስልም።

ከሰፈፍ ወደ ቅባት

ጠጅ በሚጣልበት ቤት ሰፈፉ ብዙ ጊዜ ይደፋል። ሰፈፍ ውስጥ ያለው ሰም ነው፤ ሲጣራ ለከንፈር፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝና ለደረቀ እጅ ከሚገዛው ቅባት የማያንስ ይወጣዋል።

ሰፈፉን በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ የጠጁ ጣፋጭነትና የጌሾው ብጣሪ እስኪወጣ። ለአንድ ኪሎ ሰፈፍ 3 ሊትር የዝናብ ወይም ኖራ የሌለበት ውኃና አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ አድርጋችሁ በዝግታ አሙቁ። ሰም የሚቀልጠው 63 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ውኃው እንዲፈላ አትፍቀዱ። ኖራ ባለበት ውኃ እየፈላ የተንገረገበ ሰም ከውኃው ጋር ተዋሕዶ እርጎ የመሰለ ግራጫ ነገር ይሆናል፣ ለማዳን አስቸጋሪ ነው፤ አቼቶው የሚገባውም ይህን ለመከላከል ነው። ሁሉም ሲቀልጥ በነጠላ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ አፍስሱና በሁለት እንጨት መካከል ጨምቁት። ዕቃውን ሸፍናችሁ በዝግታ እንዲበርድ አሳድሩት። በፍጥነት ከበረደ ይሰነጠቃል፣ እድፉም ለመዝቀጥ ጊዜ አያገኝም። ጠዋት የሚንሳፈፈውን ክብ አንሡ፣ ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ንጣፍ በቢላ ፋቁ፣ አንድ ጊዜ ድገሙት። ንጹሕ ሰም ሲሰበር ቢጫ ሆኖ ማር ማር ይሸታል። ሰም ውኃ ሳይኖረው በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ፣ ይቀጣጠላል።

ለእጅና ለተረከዝ፦ ሰም 20 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 30 ግራም፣ የወይራ ወይም የሱፍ ዘይት 50 ግራም። ለከንፈር ሰሙን 25 አድርጉና የወይራውን ዘይት ወደ 45 ቀንሱ። ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ብርጭቆውን በሙቅ ውኃ ድስት ውስጥ አቁሙ፤ ሰሙ ከቀለጠ በኋላ ዘይቱን ጨምሩ። ወደ ዕቃው ከመገልበጣችሁ በፊት ጥቂት በቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ ጣል አድርጉ። ደቂቃ ቆይቶ ጣት ሳይገባው የሚንሸራተት ከሆነ ጠንክሯል፣ 5 ግራም ዘይት ጨምሩ፤ ጣት ሲነካው የሚፈስ ከሆነ 3 ግራም ሰም። እንደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ሙቀቱ በሚበረታበት ቦታ የምትኖሩ ከመጀመሪያው ሰሙን 25 ወይም 28 አድርጉት፣ አለበለዚያ መኪና ውስጥ ዘይት ሆኖ ይገኛል።

የጋምቤላ የሺአ ቅቤ ያገኘ ሰው በኮኮናቱ ፈንታ ቢያደርገው ለደረቀ ቆዳ ይበልጣል። ሺአ በዝግታ ሲበርድ ግን እንደ ቅንጬ ፍሬ ፍሬ ይሆናል፤ ዕቃውን ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቁሙት።

እነዚህ ቅባቶች ዕድሜ የሚኖራቸው ጠብታ ውኃ ስለሌለባቸው ነው። ለጋ ቅቤ በዚህ ላይ የምትጨምሩ ከሆነ ያለ ቅመም የተነጠረ መሆን አለበት፤ ጥሬው ቅቤ ከመቶ 16 እጅ ያህሉ ውኃ ነው፣ በሳምንት ይኮመጥጣል። የእሬት ጭማቂ፣ የጽጌረዳ ውኃ፣ የተፈጨ ዱባ የገባበት ማንኛውም ነገር ማቀዝቀዣ ውስጥ ከአምስት ስድስት ቀን አይለፍ፤ ሻጋታው ለዓይን ከመታየቱ በፊት ይጀምራል። እሬት ስትቆርጡ የሚፈሰውን ቢጫ ውኃ ለሩብ ሰዓት አንጠፍጥፉት፣ ቆዳ የሚያሳክከው እሱ ነው፤ የምትጠቀሙት መሐል ያለውን ጥርት ያለ ሥጋ ነው።

ሎሚ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ለወራት የሚቆይ ጥቁር እድፍም ይተዋል። ቤኪንግ ሶዳ ፊት ላይ ማሸትም እንዲሁ ይጎዳል፤ ቆዳ ጠባዩ በትንሹ ወደ አሲድ ያደላ ነው፣ ሶዳው ይህን ያፈርስበታል። ጠጉር በቤት ሳሙና ለሚታጠብ ግን አቼቶ ይጠቅማል፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውኃ አድርጋችሁ ከታጠባችሁ በኋላ አፍስሱበትና በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። የተቆላለፈው ጠጉር ይፈታል፣ የሳሙናው ነጭ ትራፊም ይለቃል።

በየዕቃው ላይ የተሠራበትን ቀንና የገባውን ሁሉ በግራም ጻፉ። አዲስ ቅባት ወይም ሳሙና መጀመሪያ በክንድ ውስጠኛ ጎን ላይ ይሞከር፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላሳከከና ካልቀላ ወደ ፊት ይወሰዳል። ካሳከከ ወረቀቱ ላይ ካሉት አንዱን ብቻ አውጥታችሁ፣ ከመዓዛ ዘይቱ ጀምራችሁ፣ እንደገና ሥሩት።